ቄሱ በመጻሕፍቱ ላይ የጣለው ግዝት

«አንድ ቄስ ነበረ» አሉ እማሆይ ለምለም።

ትሁኔ የጠየቀቻቸው ስለ ቄስ አልነበረም፤ ስለ ልጇ ነበር። የባሏ እህት ሕፃኑን ታቅፋው በዋለች ማግስት ትኩሳት ያዘው። ትኩሳቱ ለቀቀው፤ እሷን ግን ፍርሃቱ አለቀቃትም። «ከእንግዲህ ከእኔ ሌላ ልጄን የነካ እጁ ይድረቅ!» ብላ በጎረቤቱ ሁሉ ፊት ተራገመች። ከዚያ ወዲህ ደጇን የሚረግጥ ጠፋ። እንቅልፍ የላትም፤ ጡቷም እየነጠፈ ነው። ዛሬ ልጁን አዝላ መነኩሲቷ ጎጆ ድረስ መጣችና እንደ ቆመች፣ «እማሆይ፣ እናት ልጇን ብትጠብቅ ኃጢአት ነው ወይ?» አለቻቸው። እሳቸውም ተቀመጪ እንኳ ሳይሏት ነው የጀመሩት።

ይህ ቄስ የኖረው ድሮ በነገሥታቱ ዘመን ነው። ሚስት ነበረችው፤ ልጅ ግን አልወለደም። የወለደው መጽሐፍ ነው። ሌላው ቄስ ላም ሲገዛ እሱ ብራና ያስፍቃል፤ ሌላው ድግስ ሲሄድ እሱ ቀለም ሲበጠብጥ ይውላል። ቤቱ የሣር ክዳን ነው። በግድግዳው ዙሪያ ካስማ ተተክሏል፤ በየካስማውም በቆዳ ማኅደር የገባ መጽሐፍ ተንጠልጥሏል። ሚስቱ፣ «እንግዳ ቢመጣ ነጠላውን የሚሰቅልበት አጣ እኮ» ትለዋለች።

«ለብሶት ይቀመጣ!» ይላታል።

ከሁሉም አብልጦ አንዱን ይወድ ነበር። ዓይነ ስውር መምህሩ ዕድሜ ልካቸውን በቃላቸው ይዘውት የኖሩትን ትርጓሜ፣ እሳቸው እየተናገሩ እሱ እየጻፈ፣ ሞት ሳይቀድማቸው የጨረሱት መጽሐፍ ነው። መምህሩ ሊሞቱ ሲሉ በእጃቸው ዳበሱትና፣ «ተቀበል፤ ለሰው አድርሰው» አሉት። ሌላ ቅጂ በአገሩ አልነበረም።

አንድ ቀን አንድ ትልቅ ጌታ መጣና ከግድግዳው ሌላ መጽሐፍ መርጦ አውሰኝ አለው። ቄሱ እምቢ ሊል ነበር። ጌታው ግን አፉ ማር ነው፤ «አባቴ፣ አባቴ» ሲለው ጊዜ አፈረና ሰጠው። መጽሐፉ በዚያው ቀረ። ቄሱ ከዚያ ወዲያ እህል አልበላ አለው። ባዶውን ካስማ ሲያይ ይውላል። ጌታውን ከመጥላቱ ይልቅ የገዛ አፉን ጠላ። «ይህ አፍ ነው የሸጠኝ» አለ።

ስለዚህ ገዘተ። መጽሐፍ የሚያጽፍ ሰው በመጨረሻው ላይ፣ የሰረቀው የፋቀው ውጉዝ ይሁን ብሎ ማጻፉ ልማድ ነው። የእሱ ግን ልክ አለፈ። «ከዚህ ቤት አንዲት መጽሐፍ ያወጣ፣ ዘመድም ይሁን ባዕድ፣ ለበጎም ብሎ ቢሆን ለክፉ፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን። እኔ ራሴ ተለምኜ በአፌ ብፈታ እንኳ አይፈታ» ብሎ በየመጽሐፉ ጻፈ። ጽፎም አልበቃው። በክብረ በዓል ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡን ደጀ ሰላሙ ላይ አቁሞ አነበበውና አሜን በሉ አለ። ሕዝቡም አሜን አለ።

አንዲት ጠላ ሻጭ ብቻ፣ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ ወስጄ ወጥ ልሠራው ነው?» ስትል ሰው ሳቀ። ቄሱ አልሳቀም።

«አንቺም አሜን በዪ» አላት። አለች።

ከዚያ በኋላ እህል በላ፤ እንቅልፍም መጣለት። አንድ ተማሪ ከሩቅ አገር በእግሩ መጥቶ፣ «አባ፣ ያን የመምህርዎን ትርጓሜ እዚሁ ቤትዎ ተቀምጬ ልገልብጠው» አለው። ቄሱ አሰበ፣ አሰበና፣ «ግልባጩስ ከዚህ ቤት ይወጣ የለም ወይ?» ብሎ ባዶ እጁን መለሰው።

በበጋ፣ ነፋስ በበረታበት ቀን፣ መንደሩ ሁሉ ለቀብር ወጥቶ ሳለ፣ ከአንዱ አውድማ ገለባ ሲቃጠል የተነሣ ፍንጣሪ የቄሱን ክዳን ያዘ። ቀብርተኛው ጭሱን አይቶ ሮጠ። ሰው ጠፍቶ አልነበረም፤ እጅ ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ በእንስራ ውሃ አመጡ፤ ወንዶቹ ዘለው ገቡ። አልጋውን አወጡ፣ ጋኑን አወጡ፣ ዶሮዋን እንኳ ከነጫጩቶቿ አወጡ። መጽሐፍ የነካ የለም።

ቄሱ እያለከለከ ደረሰ። አልጋውን ሜዳ ላይ አየ፣ ጋኑን አየ።

«መጻሕፍቱስ?» አለ።

ሰው ሁሉ ከበሩ ሸሸት አለ።

«አውጡ እንጂ! ፈትቻለሁ! እግዚአብሔር ይፍታችሁ!»

ቅንድቡ የተለበለበ አንድ ገበሬ፣ «አባ፣ ብፈታም አይፈታ ብለው የለም እንዴ? እኛም አሜን ብለናል» አለው።

«የገዘትኩት እኔ ነኝ!»

«እኔስ ምን አልኩ? የገዘቱት እርስዎ ነዎት።»

ቄሱ ራሱ ገባ። ጭሱ ዓይኑን ቢያጠፋውም ካስማውን እጁ ያውቀዋል። የመምህሩን መጽሐፍ አወረደ፤ እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቀፈው። ዞሮ በሩን ሲፈልግ ግን በሩ ጠፋበት፤ እያሳለም ወደቀ። ገበሬው ውጭ ሆኖ ሳሉን ሲሰማ አላስችል አለው። በውሃ የራሰ ጋቢ ተከናንቦ ገባና ቄሱን ከወገቡ ጨብጦ እስከ በሩ ደፍ ጎተተው። እዚያ ሲደርስ ቆመ። ቄሱን ማውጣት አልተገዘተም። ቄሱ ግን መጽሐፉን አቅፏል፤ ቄሱን ያወጣ መጽሐፉን አወጣ።

«ይልቀቁት አባ!»

«አልለቅም!»

«ስለ እመቤቴ ይልቀቁት፤ ልጆች አሉኝ!»

ቄሱ የሰውየው እጅ ወገቡ ላይ ሲንቀጠቀጥ ተሰማው። እሳት ሳይፈራ የገባ ሰው ነው፤ አሁን የሚንቀጠቀጠው ከእሱ ቃል የተነሣ ነው። ጭሱ ይሁን እፍረቱ፣ ክንዱ ላላ። መጽሐፉ ደፉ ላይ ወደቀ፤ ቄሱን ባዶ እጁን አወጡት። ሜዳው ላይ ተዘርግቶ መተንፈስ እያቃተው በበሩ በኩል ያየዋል። አንድ ክንድ ቢዘረጋ ይደረስበታል። እጅ ሁሉ በየነጠላው ውስጥ ነበር። ብራናው ተኮማተረ፣ ገጹ ሰው እንደሚገልጠው ሆኖ ተገለጠ፣ ከዚያም ጣራው ተደረመሰበት።

ቄሱ ኖረ። ቢሞት ይሻለው ነበር። ተማሪዎች መጥተው መምህርዎ ይህን እንዴት ይተረጉሙት ነበር ሲሉት ይጀምርና መካከል ላይ ይቆማል። ብራናውን አምኖ ልቡን አላስጠናውም ነበርና ሌላው ከልቡ ጠፍቷል። የመምህሩ ቃል በዚያ ቤት ውስጥ አለቀ።

አንድ ቀን ጠላ ሻጯ ከአመዱ ዳር ተቀምጦ አገኘችው።

«እውነቱን ንገሪኝ» አላት። «ጠልታችሁኝ ነበር?»

«ኧረ አባ! ብንጠላዎትማ መጻሕፍቱን ገና ድሮ ሰርቀን፣ ይኸኔ በየቤታችን ይገኙ ነበር» አለችው። ልታስቀው ነበር። እሱ ግን ራሱን በኩታው ሸፍኖ አለቀሰ፤ እሷም ማድጋዋን ይዛ ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ እስኪሞት ድረስ ማንንም ገዝቶ አያውቅም፤ ባርኮም አያውቅም። አፉን ዘጋው።

እማሆይ እዚህ ሲደርሱ ወደ ትሁኔ ዞሩ።

«መጠበቅሽን ኃጢአት ነው አልልሽም፤ ቄሱም ጠባቂ ነበር። ልጅሽ ያ መጽሐፍ ነው። እጁ ይድረቅ ያልሽው ግዝትሽ ነው። ደጅሽን የተዉት ሰዎች አሜን ያሉት ናቸው። ትኩሳቱ ዳግመኛ አይመጣም ብዬ አልዋሽሽም። ይመጣል፤ እሳት የማይነካው ቤት የለም። ያን ቀን አንቺ ጉልበትሽ ከድቶሽ ልጁን በበሩ ስታቀብዪ፣ ደጁ ላይ እጅ ሞልቶ ይቆማል፤ አንድም አይዘረጋልሽም። ጠልተውሽ እንዳይመስልሽ። ፈርተውሽ ነው።»

ትሁኔ አንቀልባውን ጠበቅ አደረገች። «ታዲያ እማሆይ፣ ከአፌ የወጣውን አሁን በምን ልመልሰው? ቄሱ እንኳ ፈታሁ ብሎ ጮኾ አልሆነለትም» አለች።

«ቄሱ የጮኸው ጣራው ከተያያዘ በኋላ ነው።»

እማሆይ ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት። የትሁኔ እጅ ወደ አንቀልባው ማሰሪያ ሄደና ቋጠሮው ላይ ቆመ፤ አልፈታውም፣ አልተመለሰም። ልጁ ጀርባዋ ላይ ተነጫነጨ።

«አይዞሽ» አሏት እጃቸውን ሳያጥፉ። «ቢደርቅም ያረጀ እጅ ነው። ገና ሳይጨስ አቀብዪኝ።»