ዳንቴል የለበሰው ሳጥን

ተረት ተረት! «የላም በረት» ማለት ልማዳችሁ ነው፤ የዛሬው ተረት ግን ላም የለበትም። «የግድግዳው ሳጥን» በሉኝና ልጀምር።

በድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከዛፎቹ ጥላ ፈንጠር ብሎ ፀሐይ በሚመታው አንድ ቤት ውስጥ አንድ ጨቅላ ነበረ። ገና ስም አልወጣለትም። ስሙ የሚወጣው በማግስቱ ነው፤ በግ ይታረዳል፣ እንግዳ ይመጣል። ጨቅላው ግን ስለ በጉም ስለ እንግዳውም ግድ የለው። የፈለገው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነው፦ መተኛት። ሙቀቱ አላስተኛው አለ። ፊቱ ቀላ፣ አንገቱ ላይ ሽፍታ ወጣበት፣ ጡት ሲሰጡት ሳብ ሳብ ያደርግና ትቶ ይጮሃል። ሳይጠባና ሳይተኛ ቀኑ ሊጋመስ ነው።

እናቱ ኢክራም አራስ ናት። አራስ ከአልጋ አትወርድም፣ ዕቃ አታነሳም፣ እጇን ወደ ላይ አትዘረጋም። ይህ የአክስቷ የእትዬ ኑሪያ ሕግ ነው፤ ሕጉም ይግባኝ የለውም። እንግዲህ ለኢክራም የቀራት መሣሪያ አፏ ብቻ ነበር፤ በእሱው ጀመረች።

«አንተ ልጅ፣ ተኛልኝ እንጂ» አለችው።

«ነፋስ ካልመጣ አልተኛም» አለ ጨቅላው። በለቅሶ ነው ያለው፤ እናት ግን ትርጉም አያስፈልጋትም።

ኢክራም ቀና ብላ አየች። ከጣሪያው ሥር ኤሲው፣ ያ አየር ማቀዝቀዣ፣ ነጭ ሆኖ፣ ረዘም ብሎ፣ አፉን ገጥሞ ተሰቅሏል።

«ኤሲ፣ ኤሲ፣ ልጄ ነፋስ ካልመጣ አልተኛም አለ። እባክህ ንፈስለት።»

«ሳጥኑ ካላዘዘኝ አልነፍስም» አለ ኤሲው።

አትፍረዱበት። ኤሲ ጉልበት አለው እንጂ ጭንቅላት የለውም። ጭንቅላቱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው፣ መዳፍ የሚያክለው ሳጥን ነው። ሳጥኑ ንፈስ ሲለው ይነፍሳል፣ እረፍ ሲለው ያርፋል። ስለዚህ ኢክራም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ሳጥን፣ ሳጥን፣ ኤሲው ሳጥኑ ካላዘዘኝ አልነፍስም አለ፣ ልጄ ነፋስ ካልመጣ አልተኛም አለ። እባክህ እዘዝለት።»

«ሙቀት ካልተሰማኝ አላዝም» አለ ሳጥኑ። «ሃያ ስድስት አድርሰው ብላችሁኛል። እኔ የሚሰማኝ ሃያ አራት ነው። ቤቱ በርዷል፤ ሥራዬን ጨርሻለሁ።»

በርዷል! የኢክራም ላብ ከግንባሯ ወርዶ አገጯ ላይ ደርሷል። ግን ሳጥኑ አልዋሸም፤ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። የሳጥኑ ሥራ ሁለት ቁጥር ማወዳደር ነው። አንዱ የእናንተ ምኞት ነው፣ በጣታችሁ የምትነግሩት። ሌላው በገዛ ገላው የሚሰማው ነው። የሚሰማው ከምኞታችሁ ከበለጠ ኤሲውን ያዝዛል፤ ካነሰ ዝም ይላል። የበረዶ ሥዕል ካወጣ ማቀዝቀዝ ላይ ነው፣ የፀሐይ ሥዕል ካወጣ ማሞቅ ላይ ነው። ድሬዳዋ ላይ የፀሐይዋን ሥዕል የሚፈልግ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ታዲያ በዚያ ሐሩር ሳጥኑን ማን አቀዘቀዘው? ዳንቴል! እኛ ቤት ሬዲዮው ዳንቴል ይለብሳል፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ይለብሳል፣ ፍሪጁ ዳንቴል ይለብሳል፤ ሳጥኑ ምን በወጣው ራቁቱን ይቆማል? እትዬ ኑሪያ ለስም ማውጫው ብለው የቤቱን ዳንቴል ሁሉ አጥበው፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ስታርች ውስጥ ነከሩት። የሳጥኑን ትንሿን ዳንቴል ደግሞ ቅርጿን ይዛ እንድትደርቅ ብለው ከነእርጥበቷ መልሰው አለበሱት። እርጥብ ጨርቅ ሲደርቅ ያቀዘቅዛል። ሾፌሮች ኮዳቸውን በራሰ ጨርቅ ጠቅልለው መስኮት ላይ የሚያንጠለጥሉት ለምን ይመስላችኋል? ሳጥኑ እንደዚያ ኮዳ ሆኗል፤ ቤቱ እየነደደ እሱ ቀዝቅዞታል። (ውሃና ኤሌክትሪክ ደግሞ ዘመድ አይደሉም፤ ይህንንም ያዙልኝ።)

«ዳንቴል፣ ዳንቴል» አለች ኢክራም፣ «ሳጥኑ ሙቀት ካልተሰማኝ አላዝም አለ፣ ኤሲው ሳጥኑ ካላዘዘኝ አልነፍስም አለ፣ ልጄ ነፋስ ካልመጣ አልተኛም አለ። እባክህ ውረድለት።»

«ካልደረቅኩ አልወርድም» አለ ዳንቴሉ። «እርጥቤን ብነሳ እጨማደዳለሁ። ነገ በእንግዳ ፊት ተጨማድጄ ልታይ?»

ኢክራም ፀሐይን ጠራች።

«ፀሐይ፣ ፀሐይ፣ ዳንቴሉ ካልደረቅኩ አልወርድም አለ፣ ሳጥኑ ሙቀት ካልተሰማኝ አላዝም አለ፣ ኤሲው ሳጥኑ ካላዘዘኝ አልነፍስም አለ፣ ልጄ ነፋስ ካልመጣ አልተኛም አለ። እባክሽ አድርቂው።»

«መጋረጃው ካልተገለጠ አላደርቅም» አለች ፀሐይ ከውጭ ሆና። «በር የዘጋብኝ ቤት ገብቼ አላውቅም።»

«መጋረጃ፣ መጋረጃ፣ ፀሐይ መጋረጃው ካልተገለጠ አላደርቅም አለች፣ ዳንቴሉ ካልደረቅኩ አልወርድም አለ፣ ሳጥኑ ሙቀት ካልተሰማኝ አላዝም አለ፣ ኤሲው ሳጥኑ ካላዘዘኝ አልነፍስም አለ፣ ልጄ ነፋስ ካልመጣ አልተኛም አለ። እባክህ ተገለጥላት።»

«እጅ ካልሳበኝ አልገለጥም» አለ መጋረጃው። «በራሱ የሚገለጥ መጋረጃ ካየሽ፣ አራስም ብትሆኚ ተነሽና ሩጪ።»

እጅ በቤቱ ሞልቷል እንዳትሉ። የኢክራም እጅ በሕግ ታስሯል። የጨቅላው እጅ ከቴምር አይበልጥም። የቀረው የእትዬ ኑሪያ ቀኝ እጅ ነው። እሱ ደግሞ ከዘንባባ የተሠራ ማራገቢያ ይዞ ከጨቅላው ራስ በላይ ወዲህ ወዲያ ይላል።

«እጅ፣ እጅ፣ መጋረጃው እጅ ካልሳበኝ አልገለጥም አለ፣ ፀሐይ መጋረጃው ካልተገለጠ አላደርቅም አለች፣ ዳንቴሉ ካልደረቅኩ አልወርድም አለ፣ ሳጥኑ ሙቀት ካልተሰማኝ አላዝም አለ፣ ኤሲው ሳጥኑ ካላዘዘኝ አልነፍስም አለ፣ ልጄ ነፋስ ካልመጣ አልተኛም አለ። እባክህ ሳበው።»

«ማራገቢያው ካልለቀቀኝ አልስብም» አለ እጅ።

«ማራገቢያ፣ ማራገቢያ» ኢክራም ትንፋሿን ሰበሰበች፣ «እጅ ማራገቢያው ካልለቀቀኝ አልስብም አለ፣ መጋረጃው እጅ ካልሳበኝ አልገለጥም አለ፣ ፀሐይ መጋረጃው ካልተገለጠ አላደርቅም አለች፣ ዳንቴሉ ካልደረቅኩ አልወርድም አለ፣ ሳጥኑ ሙቀት ካልተሰማኝ አላዝም አለ፣ ኤሲው ሳጥኑ ካላዘዘኝ አልነፍስም አለ፣ ልጄ ነፋስ ካልመጣ አልተኛም አለ። እባክህ ልቀቀው።»

«ጨቅላው ካልተኛ አልለቅም» አለ ማራገቢያው።

አያችሁት? ዞሮ ዞሮ ጨቅላው ጋ ደረሰ። ጨቅላው እንዲተኛ ማራገቢያው መልቀቅ አለበት፣ ማራገቢያው እንዲለቅ ጨቅላው መተኛት አለበት። እንዲህ ያለ ክብ በልመና አይበጠስም፤ አንድ ቦታ ላይ ያዝ አድርጎ መቁረጥ ነው። ኢክራምም የምትቆርጥበትን ቦታ አወቀች። ከሁሉም መካከል የሚሰማ ጆሮ ያላት ባለቤት ያለችው የእትዬ ኑሪያ ቀኝ እጅ ብቻ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ከመጋረጃ ጋር ታወሪያለሽ እንዴ?» አሉ እትዬ ኑሪያ። «አራስ ብዙ አታወራም፤ ራስሽን ያዞርሻል።»

«እትዬ፣ ማራገቢያውን ያስቀምጡት።»

«ካስቀመጥኩት ያለቅሳላ።»

«አሁንስ ምን እያደረገ ነው?»

እትዬ ኑሪያ ጨቅላውን አዩት። ጨቅላው እስኪያዩት ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ማራገቢያው ባይኖር ከዚህም ይብስ ነበር» አሉ።

«ትኩስ አየር እኮ ነው የሚያራግቡለት፤ ያንኑ ሙቀት ከወዲህ ወዲያ ያመላልሱታል። ክንድዎም ዛለ፣ እሱም አልተኛ። ያንን እርጥብ ዳንቴል ከሳጥኑ ላይ ያንሱልኝ፤ ኤሲው ይነሳል።»

«አቦ ተይኝ! ያ ብረት ነፍሶ አንቺን ብርድ ይምታሽ? አራስን የመታ ብርድ ሲያረጁም አይለቅም። የእናትሽን ወገብ ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። እኔን አይነካኝም። የኤሲውን ከንፈር ወደ ጣሪያ እናነሳዋለን፤ ቅዝቃዜው ከላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል እንጂ ፊቴን አይመታኝም። ሃያ ስድስት ሲደርስ ራሱ ያርፋል። ሻሼን አስሬ ጋቢ እለብሳለሁ። ብርድ ካለኝ እነግርዎታለሁ፣ ያን ጊዜ ያጥፉት።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

እትዬ ኑሪያ ክንዳቸውን አሸት አሸት አደረጉ። «ዳንቴሌ ከተጨማደደ ግን የነገን እንግዳ አንቺ ነሽ የምትቀበዪው» አሉ።

«ከአልጋ ልውረድ?»

«ዝም በይ አንቺ» አሉና ሳቃቸውን ዋጡት።

ከዚህ በኋላማ ማን ያቆመዋል! ማራገቢያው እጅን ለቀቀ። እጅ መጋረጃውን ሳበ። መጋረጃው ተገለጠ። ፀሐይ ገባች፣ ዳንቴሉን አደረቀች፤ የድሬ ፀሐይ ከስታርች ጋር ቀልድ አታውቅም። ዳንቴሉ እንደ ቂጣ ቀጥ ብሎ ወረደ። እትዬ ኑሪያ መጋረጃውን ወዲያው መለሱት፤ ደግ አደረጉ። ፀሐይ የመታው ሳጥን ደግሞ በተራው ቤቱን ከሙቀቱ በላይ ሞቀ ይላልና።

ራቁቱን የቀረው ሳጥን የቤቱን አየር ቀመሰ። ሃያ ስምንት። ሠላሳ። ሠላሳ ሦስት።

«ቢስሚላህ እንኳ ሳይባል ቁጥሩ ምነው እንዲህ ይሮጣል?» አሉ እትዬ ኑሪያ። «ዐሥራ ስድስት ላይ ላውርደው? ቶሎ እንዲቀዘቅዝ።»

«አይንኩት። ዐሥራ ስድስት ቢሉትም ከዚህ አይፈጥንም፤ ማቆሚያውን ብቻ ነው የሚያሳጣው። ያን ጊዜ ነው ብርድ የሚመታኝ።»

ትክክል ብላለች። ቁጥሩ ምኞት ነው እንጂ ጅራፍ አይደለም። እትዬ ኑሪያ በሳጥኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭነው የኤሲውን ከንፈር ብቻ ወደ ጣሪያ አነሱት። ሳጥኑ ቀጭ አለ፣ የበረዶዋን ሥዕል አወጣ፣ አዘዘ።

ኤሲው ዝም አለ።

«አላልኩሽም?» አሉ እትዬ ኑሪያ፤ እጃቸው ወደ ማራገቢያው ሄደ። ጨቅላውም ጉሮሮው እስኪታይ አለቀሰ።

«ትንሽ ይታገሱት እትዬ። ቅዝቃዜውን የሚሠራው ሞተር ውጭ ነው፤ እስኪነሳ ጊዜ ይወስዳል።»

እሳቸው ማራገቢያውን ግማሽ እንዳነሱ ቆሙ። ውጭ አንድ ነገር አጉረመረመ። ኤሲው አፉን ከፈተ። ነፋሱ በጣሪያው ሥር ሄደ፣ ግድግዳውን ታኮ ወረደ፣ አልጋው ላይ ደረሰ፣ የኢክራምን ጋቢ ሳይነካ የጨቅላውን አንገት ዳሰሰው። ጨቅላው ለቅሶውን መሃል ላይ ተወው። አፉን አዞረ፣ ጡቱን ያዘ፣ ጠባ፤ ይህን ያህል ሲጠባ ኢክራም አይታው አታውቅም። ከዚያ ከንፈሩ ላላ።

ጨቅላው ተኛ!

ሳጥኑ ሃያ ስድስት ላይ ደርሶ እረፍ ሲለው ኤሲው ዝም አለ፤ ጨቅላው ግን አልነቃም።

«ብርድ አለሽ?» አሉ እትዬ ኑሪያ በሹክሹክታ።

«የለኝም።»

«ወላሂ?»

ኢክራምም ተኝታለች።

የሰማሁትን ነገርኳችሁ፣ ያወቅሁትን ጨመርኩበት። ተረቴን መልሱልኝ፤ ስትወጡ ግን በሩን ቀስ ብላችሁ ዝጉት። አለዚያ ቅዝቃዜው ይወጣል፣ ልጁም ይነቃል።