ልክ የሆነው ገመድ

አንድ ቀን ደሴ ሸዋበር ላይ የአንድ ቪዲዮ ቤት ኮምፒውተር ሞተ። የሞተበት ቀን ነው ክፋቱ። ባለቤቱ ሙህዬ ቅዳሜ የቀረጸውን የዘሀራን ሰርግ ሊያስረክብ ነው፤ የዘሀራ አባት ጋሽ እንድሪስ ደግሞ እፊቱ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል።

ጋሽ እንድሪስ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። በልጃቸው ሰርግ ዕለት ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ ይዟቸው፣ ጭፈራውን በዚያች ባለ ቁልፍ ስልካቸው ነው የሰሙት። አማቻቸውንም ቢሆን እስከ ዛሬ የሚያውቁት በድምፅ ነው። አሁን አንድ ከሰዓት አግኝተው መጥተዋል፤ ነገ ጠዋት እንደገና ወደ ጅቡቲ ናቸው። ሌላ ቅጂ የለም ወይ ብትሉ፣ የለም። ሙህዬ ቁጠባ ይወዳል። ቪዲዮውን ኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ እንደገለበጠ የካሜራውን ካርድ አጥፍቶ፣ እሁድ የሌላ ሰው ሰርግ ቀርጾበታል።

ደግነቱ ዲስኩ ደህና ነው። የሞተው ፓወር ሰፕላዩ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ላስረዳ፣ ታገሱኝ። ፓወር ሰፕላይ ማለት ከኮምፒውተሩ ጀርባ እፍፍ የምትለዋ፣ ማራገቢያ ያላት የብረት ሳጥን ናት። ከግድግዳ የሚመጣው መብራት እንዳለ ቢገባ ኮምፒውተሩን ይጠብሰዋል። እሷ ተቀብላ ወደ አሥራ ሁለት፣ ወደ አምስት፣ ወደ ሦስት ምናምን ቮልት ትመነዝረዋለች፤ ከዚያ በየገመዱ ለየክፍሉ ታድላለች። አንዳንዷ ገመዷ ከራሷ ጋር የተሠራ ነው፣ አይነቀልም። የአንዳንዷ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ይነቀላል። የሙህዬ ሁለተኛዋ ዓይነት ነበረች፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ሙህዬ ባለሙያ መጥራት አይወድም። ሮጥ ብሎ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገዛና፣ ጎረቤቱን ኮምፒውተር ጠጋኙን ይመርን፣ «ካቻቢቴ አውሰኝ» አለው። ይመር ሰጠው። ሰጥቶም አልቀረ፣ ከኋላው ተከትሎት መጣ።

«አንተን ማን ጠራህ?» አለ ሙህዬ።

«ማንም። ካቻቢቴዬ ብቻዋን ወጥታ ስለማታውቅ ነው።»

ሙህዬ አሮጌዋን ሳጥን ፈታ፣ አዲሷን አሰረ። ገመዶቹን ግን አልለወጠም። የድሮዎቹ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ተጠማዝዘው፣ በክር ተቋጥረው አምረው ተቀምጠዋል። ጫፋቸውን ብቻ ሳብ አድርጎ አዲሷ ላይ ሰካቸው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ልክክ አሉ።

«ጋሼ፣ የአዲሷ ገመዶችስ?» አለ ይመር።

«በላስቲካቸው ናቸው። ምን በወጣቸው፣ እሸጣቸዋለሁ።»

«ኸረ በአላህ! የሚሰካላት እኮ ከራሷ ጋር አብሮ የመጣው ገመድ ነው!»

«ምን ልዩነት አለው? ይኸው ገባ አይደል?»

«መግባቱማ ገባ። ስማኝ ጋሼ፣ በዲስኩ በኩል ያለው ጫፍ የሁሉም አንድ ነው። በሳጥኗ በኩል ያለውን ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ እንዳሰኘው ነው የሚደረድረው። ዲስኩ አምስት ቮልት በሚጠብቅበት ሽቦ አሥራ ሁለት ይመጣበትና፣ ጭስ ይልና፣ በቃ።»

«ገባኝ። ገመድ ልትሸጥልኝ ነው!»

«ገመዱማ የራስህ ነው! እላስቲኩ ውስጥ ቁጭ ብሎ እያየህ!»

«ተወኝ ይመር። አንተ ዳዴ ስትል እኔ ዕቃ እሰካ ነበር። የኔ ሕግ አንድ ነው፤ ልክ ከሆነ ይሠራል!» አለና ጣቱን ማብሪያው ላይ አሳረፈ።

ጋሽ እንድሪስ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ያያሉ። የሞተር ነገር ቢሆን እሳቸው ራሳቸው በፈረዱ፤ ይሄ የቮልት ነገር ግን አገራቸው አይደለም። የሚያውቁት ልጃቸው በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ መሆኗን ብቻ ነው።

«ኧረ ልጆቼ፣ እኔ ማንን ልመን?» አሉ።

ይመር ሙህዬን ተወውና ወደሳቸው ዞረ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ እኔ ቅዳሜ ሰርጉ ላይ ነበርኩ። ሚዜዎቹ በሙሉ እንደ ሙሽራው ነው የለበሱት። ሱፉ አንድ፣ ክራባቱ አንድ፣ ጫማው አንድ። ያ ሱፍ ደግሞ ለሁሉም ልክክ ብሏል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። በጋሽ ሙህዬ ሕግ ከሄድን እንግዲህ፣ ሱፉ ልክ የሆነለት ሁሉ ዘሀራን ይዞ ቤቱ ይግባ!»

ጋሽ እንድሪስ ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ተነሡ።

«ሙህዬ! ጣትህን አንሳ! ልጄን ለሚዜ ልትድርብኝ ነው እንዴ?»

የሙህዬ ጣት እሳት እንደነካት ተነሣች። መከራከር አማረው፤ ግን ቮልትን እንጂ የተቆጣ አባትን ምን ብሎ ይከራከራል? እያጉረመረመ ላስቲኩን ቀደደ፣ የድሮዎቹን ገመዶች ነቅሎ አወጣ፣ አዲሶቹን አንድ በአንድ ሰካ። ይመርም ካቻቢቴውን ኪሱ ከትቶ አጠገቡ ቆመ፤ ሙህዬ አንዷን ገመድ እንኳ ሳያጣራ አላለፈም።

ማብሪያው ተነካ። ማራገቢያዋ እፍፍ አለች። ጭስ የለም። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ በራ፣ ዲስኩም ሰርጉን እንዳለ አወጣው። ከበሮው ቤቱን ሞላው፤ የአዳራሹ በር ተከፈተና ግራጫ ሱፍ የለበሱ ጎረምሶች እየጨፈሩ ተንጋግተው ገቡ። በመሃላቸው ነጭ ቬሎ ብልጭ ጥፍት ይላል።

ጋሽ እንድሪስ መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ዓይናቸውንም አብረው ጠረጉ። ከዚያ አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጉ።

«ኸረ እነዚህ ሁሉ አንድ ናቸው! የኔ አማች የትኛው ነው?»

ይመር ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሙህዬ ቀደመው።

«ሱፍ አይዩ ጋሽ እንድሪስ፤ ልክ ያልሆነለት የለም። ከሷ ጋር አብሮ የመጣውን ይዩ!»