የተዘጋው ማረፊያ እንግዶች

አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት በሐይቅ ዳር ይኖር ነበር። ስሙ ወንድይፍራው ይባላል። ሐይቁ በየክረምቱ እየሞላ ወደ ግቢው ሲጠጋና በአንዱ ክፍል ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ሲወጣ፣ ቤቱን ዘግቶ ደጋ ላይ ባለች ሌላ ከተማ አዲስ ማረፊያ ከፈተ። አሮጌውን ቤት እንዲጠብቁ ጋሽ ዳንጊሶ የሚባሉ ሽማግሌ ዘበኛ ትቶ ሄደ። ደሞዛቸው በየወሩ በባንክ ይገባላቸዋል፤ ከዚያ በቀር አስታውሷቸው አያውቅም።

ለአዲሱ ማረፊያ አዲስ የፌስቡክ ገጽ ተከፈተለት፤ አዲስ ስልክ ቁጥርም ወጣ። የአሮጌውን ገጽ የይለፍ ቃል የሚያውቀው ሠራተኛ ሥራ ለቆ ስለነበር ገጹ እንዳለ ተተወ። የወንድይፍራው ፎቶ፣ የቀድሞው አድራሻ፣ «ሁልጊዜ ክፍት ነን» የሚለው ጽሑፍ፣ ሁሉም እንደነበረ ቀረ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን የእንግዳ መቀበያ ኃላፊዋ ትርንጎ ወደ ቢሮው ገብታ፣ በአሮጌው ገጽ ላይ አንድ እንግዳ ምስጋና መጻፉን ነገረችው። «አልጋው ንጹሕ፣ አቀባበሉ የአባት ነው» ይላል። የተጻፈው ባለፈው ሳምንት ነበር።

ወንድይፍራው፣ ቤት የተሳሳተ ሰው ነው ብሎ ሳቀ። ትርንጎ ገጹን እናስዘጋው ብትለው፣ ምስጋና ማንን ይጎዳል፣ ተይው አላት።

ምስጋናው ግን አላቆመም። አንዷ፣ ሽማግሌው ሻንጣዋን ክፍሏ ድረስ እንዳደረሱላት ጻፈች። ሌላው ክፍሉን ካመሰገነ በኋላ፣ ከወለሉ ሥር የውሃ ድምፅ ሲሰማ እንዳደረ ጨመረበት። ትርንጎ ይህን ስታነብለት ድምፅዋ ዝቅ አለ። ወንድይፍራው ግን ሥራ በዝቶበት ነበርና፣ ነገ አየዋለሁ እያለ ሰነበተ።

በኋላ ፎቶ መጣ። አንዲት ትንሽ ልጅ አልጋ አጠገብ ቆማ ትስቃለች። ከጎኗ ያለውን ግድግዳ ወንድይፍራው ወዲያው አወቀው። እሱ ቤቱን ሲለቅ ስንጥቁ ጣት እንኳ አያስገባም ነበር። አሁን ልጅቷ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ከትታበታለች። ከሥሩ እናቷ «ዛሬም እዚሁ ነን» ብላ ጽፋለች።

የጋሽ ዳንጊሶን ስልክ ቢፈልግ የለውም። መኪናውን አስነስቶ ቁልቁል ነዳ።

ሲደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ውሃው ደረጃው ሥር ደርሷል፤ የአጥሩ እንጨቶች ሐይቁ ውስጥ ቆመዋል። ግቢው ግን ተጠርጓል፤ መጋረጃዎቹም ታጥበው ተሰቅለዋል። ጋሽ ዳንጊሶ ኮታቸውን እንደለበሱ ከበሩ ወጡ። ዓይናቸው ደክሟልና አላወቁትም።

«እንኳን ደህና መጡ። ክፍል ይዘዋል?» አሉት።

ወንድይፍራው ማንነቱን ነገራቸው፤ በማን ፈቃድ ሰው እንደሚያሳድሩም ጠየቃቸው። ሽማግሌው ግራ ተጋቡ።

«በእርስዎ ነዋ። ሰዎቹ ስልካቸው ላይ ፎቶዎን እያሳዩኝ ይመጣሉ፤ ክፍት ነው ብለውናል ይሉኛል። ልጠይቅዎ ብደውል ስልክዎ አይሠራም። ታዲያ ባለቤቱ የጠራውን እንግዳ ዘበኛ ይመልሳል?»

ወንድይፍራው ወደ ውስጥ ሮጦ እናትና ልጅን አስወጣ። የልጅቷን ጫማ ለማምጣት ሲመለስ ወለሉ ከእግሩ ሥር ሰርጎድ አለ፤ በስንጥቁም በኩል ሐይቁን አየው።

በሩን ቆልፎ ሳይጨርስ ሌላ መኪና ደጁ ላይ ቆመ። ባልና ሚስት ሻንጣ ይዘው ወረዱ። ወንድይፍራው ቤቱ ከተዘጋ ዓመታት እንዳለፉት፣ ግድግዳውም ሊወድቅ እንደሚችል ነገራቸው። ሴትየዋ ስልኳን አየች፤ ከዚያ እሱን አየች፤ እንደገና ስልኳን አየች።

«እርስዎ ራስዎ ክፍት ነው ይላሉ እኮ» አለችው። «የትኛውን እንመን?»

ያን ጊዜ ከሐይቁ ይልቅ የገዛ ፎቶው አስፈራው። ለትርንጎ ደውሎ፣ የቀድሞውን ሠራተኛ ፈልጋ ገጹን እንድታስዘጋ ነገራት። እስኪዘጋ ድረስም ከጋሽ ዳንጊሶ ጋር ደጁ ላይ ቆሞ የሚመጣውን ሁሉ ሲመልስ ሰነበተ። እዚያው ሳለ አንድ ጠዋት ግድግዳው ከነአልጋው ሐይቁ ውስጥ ገባ።

ወዳጆቼ፣ በስማችን የከፈትነው ገጽ እኛ ስለረሳነው ዝም አይልም። ያኔ የነገርነውን ቃል ይዞ ዛሬም ሰው ይጠራል፤ ሰውም አምኖ ይመጣል። ነጋዴ ሱቁን ሲያዛውር ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ይዞ ይሂድ። አድራሻውን ያርም፤ የገጹን ቁልፍ ከእጁ አያውጣ፤ የማይቀመጥበትን ቤት ይዝጋ። መመስገኑንም የደህንነት ምልክት አድርጎ አይውሰድ።

እናንተስ፣ ዛሬ በስማችሁ ተከፍቶ እንግዳ የሚጠራ፣ እናንተ ግን የሌላችሁበት ቤት የት አለ?