ራሱን የቻለው ታረቀኝ

አንድ ቀን፣ ገና ወፍ ሳይንጫጫ፣ የየሻረግ ደጅ ተንኳኳ። ከፍታ ብታይ ሦስት የእድር ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ባሏ ልብስ ሰፊው ይግዛው ጨርቅ ሊገዛ ባሕር ዳር ከወረደ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባት።

ከቀብሩ በኋላ፣ በሠልስቱ ዕለት፣ የቀበሌው መዝጋቢ ሙላው ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ድንኳኑ በለቀስተኛ ሞልቷል። ሙላውም ትንሽ ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እትዬ የሻረግ፣ ጋሼ ይግዛው በታረቀኝ ካርድ ያደረጉኝን ያስታውሳሉ?» አለ። እንዴት አታስታውስ። ከጎኑ ቆማ ነበር እኮ።

ታረቀኝ የእህቷ ልጅ ነው። እናቱ ስትሞትበት የአራት ዓመት ሕፃን ነበር፤ ይግዛው ከዚያች ቀን ጀምሮ «ልጄ» እንጂ በሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም። ሃያ ዓመት ሲሞላው ቁመቱ የበሩን ጉበን የሚነካ፣ አበላሉም ለቁመቱ የሚመጥን ጎረምሳ ሆነ። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ዞረበት። ሐኪሙ አይቶ፣ በቶሎ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት ዕድሜውን ሙሉ ሲያነክስ እንደሚኖር ነገራቸው። ቤተሰቡ የጤና መድህን ካርድ አለው፤ ነገር ግን ካርዱ በየዓመቱ በጥር ይታደሳል። በዚያ ጥር ስሙ ከተሰረዘ ጉልበቱ ሌላ ጥር መጠበቅ አለበት።

ሦስቱም ተያይዘው ቀበሌ ሄዱ። ታረቀኝ በዱላ እየተደገፈ ገብቶ ከግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። ሙላው በዚያን ጊዜ ለሥራው አዲስ ነው፤ «ደንቡ እንደሚለው» ሳይል «ደህና አደራችሁ» የማይል ሰው ስለነበር የከተማው ሰው ከጀርባው «ደንቡ» ይለው ነበር። መዝገቡን ገለጠና ብዕሩን የታረቀኝ ስም ላይ አሳረፈ።

መጀመሪያ ያነሳው ልጁ የይግዛው የአብራክ ክፋይ አለመሆኑን ነው። ይግዛው አልካደም። እሱ ጨርቅ ሸምኖ እንደማያውቅ፣ ሰው ግን ከእጁ የወጣውን ሁሉ «የይግዛው ሱሪ» እያለ እንደሚለብስ፣ ሙላውም ራሱ ያን ሰዓት አንዱን ለብሶ እንደተቀመጠ አስታወሰው። ሙላው ሱሪውን አየት አደረገና ያንን ነገር ተወው።

«እሺ፣ ዕድሜውስ?» አለ። «ደንቡ እንደሚለው፣ በአባወራው ካርድ የሚገባው ራሱን ያልቻለ ልጅ ነው። ይሄ ሃያ ዓመቱ ነው፣ ጋሼ። ጢም አውጥቷል። ትምህርቱን ጨርሷል። ክረምት ላይ ብሎኬት ሲያመርት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ራሱን ችሏል፤ ይሰረዛል።»

ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል። የሻረግ ወደ ጠረጴዛው ተጠግታ በልጆችህ፣ በእናትህ ብላ ልትለምነው ስትል ይግዛው እጇን ያዝ አደረጋት። ነገር ሲያወጣና ሲያወርድ ኮሌታው ላይ የሰካትን መርፌ መዳሰስ ልማዱ ነበር፤ አሁንም ዳሰሳት። ይሄኔ ከግድግዳው ሥር ቀርጨም ቀርጨም የሚል ድምፅ ተሰማ፦ ታረቀኝ አግዳሚው ላይ ሆኖ ቆሎ ይቆረጥማል። ጠዋት እሷ የቋጠረችለት ነው፤ የቀረው ከቋጠሮው ሥር ያለው ብቻ ነው።

ይግዛው ዞር ብሎ ልጁን አየው፤ ከዚያ ወደ መዝጋቢው ተመለሰ።

«ልክ ነህ፣ ሙላው» አለ። «ራሱን ችሏል።»

የሻረግ ክው ብላ ቀረች። ሙላው በድል አድራጊነት ብዕሩን አነሳ።

«ራሱን እሱ ችሏል» አለ ይግዛው ረጋ ብሎ። «ሆዱን እኔ ችያለሁ። ጉልበቱን ደግሞ መንግሥት ይቻልልን።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ታረቀኝ ጉንጩ እንደተወጠረ ማኘኩን አቆመ። ሙላው ሳቁን ለመዋጥ ከንፈሩን ነክሶ መመሪያውን ወደፊትም ወደኋላም አገላበጠ፤ በመጨረሻም «ደንቡ... ስለ ሆድ የሚለው ነገር የለም» ብሎ የብዕሩን ክዳን ገጠመና ማኅተሙን አነሳ።

ሙላው ይህንን ተርኮ ሲጨርስ የሻረግ ሳቀች። ጮክ ብላ ሳቀች። ለቀስተኛው ሐዘኑ አእምሮዋን የነካባት መስሎት ደንገጥ አለ፤ አንዲት ጎረቤትም ውኃ ልታመጣላት ተነሳች። እሷ ግን ዓይኗ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ የቆመው ታረቀኝ ላይ ነበር። የይግዛውን አስከሬን ከራስጌው በኩል ተሸክሞ፣ ያን ሁሉ ዳገት አንዴም ሳያነክስ ቤተ ክርስቲያን ያደረሰው እሱ ነው። ያኔ ነው ሳቋ ወደ እንባ የዞረው።

ጨዋታው እንዳይረሳ ይኸው ተጽፏል። ራሱንም፣ ሆዱንም፣ ጉልበቱንም የሚችል ተገኝቶ ነበር፤ የቀረችው የይግዛው ነፍስ ናት። እሷን ደግሞ እግዚአብሔር ይቻልለት ዘንድ፣ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ሳቃችሁን ስትጨርሱ፣ አንድ ጊዜ «ነፍስ ይማር» በሉለት።