የይመር ሰዓትና የአቶ ልሳነወርቅ ንጉሥ

አንድ ቀን፣ ደሴ ውስጥ፣ የአንድ ጋራዥ ሠራተኞች ክበባቸው ውስጥ ግጥም ብለው የቼዝ ዋንጫ ፍጻሜ ያያሉ። ዋንጫ ስላችሁ ዋንጫ እንዳይመስላችሁ፤ ሽልማቱ በር ላይ የታሰረ፣ ላቱን መሸከም ያቃተው ሙክት ነው! የሚጫወቱት መካኒኩ ይመርና የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ልሳነወርቅ ናቸው። አቶ ልሳነወርቅን ታውቋቸዋላችሁ? ካላወቃችኋቸው እድለኞች ናችሁ። ብሎን ሲጠይቋቸው የብሎንን ታሪክ ከነትውልዱ ተርከው፣ ብሎኑን ሳይሰጡ የሚሸኙ ሰው ናቸው።

ይመር በነጥብ ይመራል፤ እኩል ቢወጣ እንኳ በጉ የሱ ነው። ተማምኖ አማቶቹን ለበዓሉ ጠርቷቸዋል፣ ጉደኛ! ቢሸነፍ ምን ሊያበላቸው ነው? ጎመን?

ደግነቱ የአቶ ልሳነወርቅን ጦር አንድ በአንድ ለቃቅሞ ጨረሰው። ንጉሣቸው ሜዳ ላይ ብቻውን ቀረ፤ አንዲት ወታደር እንኳ የለችውም። የይመር ንግሥትም ግንብም ቆመዋል። ችግሩ ሰዓት ነው። በቼዝ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ጊዜ ይቆረጣል፤ ተራው ሲደርስ የሱ ሰዓት ይቆጥራል፤ የይመር ልታልቅ ነው፣ የአቶ ልሳነወርቅ ግን ገና ሞልቶ ተርፏል።

ተራው የይመር ሆኖ ሳለ፣ አቶ ልሳነወርቅ በመስኮት ጋሽ እንድሪስን አዩ። ጋሽ እንድሪስ ጡረታ የወጡ ዘበኛ ናቸው፤ ሰላምታ ከጀመሩ ትኩስ ሻይ ይቀዘቅዛል።

«ጋሽ እንድሪስ! ይግቡ እንጂ፣ ይመር እኮ እዚህ ነው!»

ገቡ። የወሎ ልጅ ሽማግሌ ቆሞ እሱ ይቀመጣል? ይመር ብድግ!

«ይመር! አማን ነህ?»

«አልሐምዱሊላህ! እርስዎስ አማን ነዎት?»

«ቤት ደህና? ልጆቹስ? እናትህ ወገቧን ተሻላት? ያቺ ላምስ?»

«ደህና ናት፣ ወለደች።»

«ወለደች! ምን ወለደች?»

«ወንድ...»

ሰዓቱ ጢጥ አለ።

«አለቀ!» ብለው አቶ ልሳነወርቅ ዘለሉ። «ጊዜ ያለቀበት ተሸነፈ! ሕግ ሕግ ነው! በጉን ፍቱልኝ!»

ዳኛዋ፣ የሒሳብ ክፍሏ ወይዘሮ ሐረገወይን፣ ሰሌዳውን አየት አድርገው፣ «ይመር፣ ጊዜህስ አልቋል። የምትለው አለህ?» አሉት።

ይመር በጉን አየ። አማቶቹ ዓይኑ ላይ ድቅን አሉበት። ራሱን አከክ አከክ አደረገና፦

«አለኝ። ጋሼ፣ እኔ ጊዜ አለቀብኝ፣ አልክድም። እርስዎ ግን ጦር አለቀብዎት። ጊዜውንስ ዓመት ሙሉ ይውሰዱት፤ በዚህ ብቻውን በቀረ ንጉሥ በምን ሊማርኩኝ ነው? በጥፊ?»

ክበቡ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ሐረገወይንም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው» አሉ። «ጊዜው ያለቀበት ይሸነፋል፤ ባላጋራው ንጉሥ የሚማርክበት ጦር ከሌለው ግን እኩል ነው። በጉ የይመር ነው።»

«እንዴት ተደርጎ!» ጮኹ አቶ ልሳነወርቅ። «ታዲያ ይሄ ሁሉ የተረፈኝ ጊዜ ምን ሊሆነኝ ነው?»

ይመር የበጉን ገመድ እየፈታ፣ «አይጨነቁ ጋሼ፤ ጋሽ እንድሪስ እርስዎን ገና ሰላም አላሉም።»

ጋሽ እንድሪስም ወንበር ሳብ አድርገው፣ «ልሳነወርቅ! አማን ነህ?»