በዕርቅ ቀን የወደቀችው ሽጉጥ

ሽጉጥ ታጣቂ ሁሉ የዚህን ታሪክ መዝጊያ ተረት ሲሰማ «ፈሪ ያወጣው ነው» ብሎ ያፌዛል። ውሸት ነው! ያወጡት ጥይት አጠገባቸው ሲያርፍ ያዩ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩም እንዲህ ነበር።

ቢምረው በድንበር ጠብ የሰው ነፍስ አጥፍቶ ቆላ ወርዶ ተሸሽጎ ኖረ። መንደሩን፣ በሬዎቹን፣ እርሻውን ናፈቀ። አጎቱ አያ ሙጬ ሽማግሌ ለምኖ፣ ራሱም ዋስ ሆኖ የዕርቁን ቀን አስቆረጠለት። ልማዱ ግልጽ ነው፤ ለዕርቅ የሚመጣ ሁሉ መሣሪያውን ከወንዙ ማዶ ትቶ ይሻገራል፤ ገዳዩ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በሟች ወገን እግር ሥር ይወድቃል።

ቢምረው ጠመንጃውን አስረከበ። ከመቀነቱ ሥር ግን መዳፍ የማትሞላ ሽጉጥ ሸጉጧል፤ ጥይትም አጉርሷታል።

«ሌላ ምንም አልያዝህ?» አለው አያ ሙጬ።

«ባዶዬን ነኝ፣ አያ።»

ክፉ አላሰበም፤ ቢከዱኝስ ብሎ ፈርቶ ነው። የሸጠለት ሰው «ምላጯን ካልሳብሃት ከድንጋይ አትለይም» ብሎታል፣ እሱም አምኗል። ደግሞ ከማነሷ የተነሣ መሣሪያ አልመስለው አለች። አይ ሞኝነት!

ያየህ የሚባለው የሟች ወንድም ከሽማግሌው ከአለቃ ፈቃዴ ጎን ቆሟል። ቢምረው በሁለት እጁ ድንጋዩን ጫንቃው ላይ ደግፎ ቀረበ። ሊወድቅ ጎንበስ ሲል መቀነቱ ላላ፤ ሽጉጧ አመለጠች፣ በጀርባዋ አለት ላይ አረፈችና ጮኸች። ከአለቃ አጠገብ የቆመው አያ ሙጬ የተመታ ጭኑን ይዞ ቁጭ አለ።

«ወንድሜ አልበቃህም?» ያየህ ዱላውን አነሣ።

«አልተኮስሁም! ጣቴ አልነካትም! ራሷ ናት!»

«ራሷ? እግር አውጥታ ተከትላህ መጣች በላ!»

አለቃ ፈቃዴ መሐል ገብተው ዱላውን ያዙ። አያ ሙጬ ቁስሉን በነጠላው እያሰረ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ቢምረውን ከተነሣበት ዱላ ይልቅ ይህ አመመው።

«ተው ያየህ፣ እውነቱን ነው» አሉ አለቃ። «ሁለቱም እጁ ድንጋዩ ላይ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ደም አይደገምም፤ ዕርቅም ግን ዛሬ የለም።»

ከዚያ ወደ ቢምረው ዞሩ።

«ወደ ቆላህ ተመለስ። ዋስህን የመታኸው ስትተኩስ አይደለም፤ ደብቀሃት ስትሻገር ነው። ምላጯን ጠበቅህ፣ መውደቋን ረሳህ። ልጄ፣ ብረት ከወገብ ሲወድቅ፣ ጌታውን አያውቅ።»