ገበሯን የከፈለች ካባ

«ዛሬም አንቺ ነሽ የምትወጪው?» አለች ካባ።

«ዛሬም እኔ ነኝ» አለች ነጠላ።

«ትናንትም አንቺ ነበርሽ።»

«ትናንትም እኔ ነበርኩ።»

«ከትናንት በስቲያስ?»

«ከትናንት በስቲያ ታጥቤ አጥር ላይ ተሰጥቼ ነበር።»

«ያም ቢሆን ፀሐይ አይተሻል» አለች ካባ። «እኔ ፀሐይ ምን እንደምትመስል ረስቻለሁ።»

ጠቡን ከመካከሉ ስለጀመርኩት አትቆጡኝ፤ መጀመሪያውን እነሱም ረስተውታል። እናንተ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ እኔ ሳጥኑን ልክፈትላችሁ። ልብስ ከልብስ ጋር ይጣላ በነበረበት፣ አይጥም ለሥራዋ ዋጋ ትጠይቅ በነበረበት በዚያ በድሮው ዘመን፣ ከአንድ ወንዝ ወዲህ ደብሪቱ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ጎረቤቷ ማንጠግቦሽ ትኖር ነበር።

ደብሪቱ ክፉ ሴት አልነበረችም። ዓይኗ ግን ማዶ ያያል። ማንጠግቦሽ ቀይ ቀሚስ ስትለብስ ደብሪቱ ቀይ ቀሚስ ገዛች። ማንጠግቦሽ አረንጓዴ ስትለብስ ደብሪቱ አረንጓዴ ገዛች። ማንጠግቦሽ በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ ደርባ ስትወጣ ጊዜ ደግሞ ደብሪቱን እህል አልወርድ አላት፤ የገበያው ቀን እስኪደርስ አላስቻላትም፤ እሷም ካባ ገዝታ ተመለሰች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሳጥኑ ሞላ። ከሞላም በኋላ ተጨመረበት። በመጨረሻ ክዳኑ አልገጥም አለ፤ አይጥ የሚያሳልፍ ክፍተት ቀረ።

ከዚያ ሁሉ ልብስ ግን ደብሪቱ የምትለብሰው አንዲቱን ነጠላ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መስቀለኛ ታጣፋታለች። ሽማግሌ ፊት ስትቆም ታደገድጋታለች። ሥራ ስትሠራ ወገቧ ላይ ታሸርጣታለች። ለቅሶ ስትሄድ ደግሞ ትዘቀዝቃታለች። ያኔ የነጠላዋ ጥለት ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷ ይመጣል፤ ያን ያየ ሰው ሁሉ ሳይጠይቅ ሐዘን እንዳለ ያውቃል። ከለቅሶ ስትመለስ ትገለብጣታለች፤ ጥለቷ ወደ ታች ይወርዳል። ነጠላዋ አንድ ናት፤ የምትሄድበት ግን ሁሉም ቦታ ነው።

ካባ ይህን ሁሉ በክፍተቱ አጮልቃ ታያለች። እሷ የወጣችው አንድ ቀን ብቻ ነበር። ያን ቀን ደብሪቱ ወጥ እንዳይነካት፣ ሰው እንዳይረግጣት እየፈራች፣ እንደ ምሰሶ ቆማ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ካባ ከሳጥኑ አልወጣችም።

«እኔ ምን ጎደለኝ?» አለች አንድ ቀን። «ወርቅ አለኝ። የሐር ገበር አለኝ። እሷ ምን አላት?»

ሳጥኑ ያረጀ የዋንዛ ሳጥን ነበር። ልብሶቹ ሁሉ አባ ሳጥን ይሉታል።

«እሷ ሥራ አላት» አለ አባ ሳጥን።

«ሥራዬን የወሰደችብኝ እሷ ናት። እሷ ባትኖር ደብሪቱ እኔን ትደርብ ነበር።»

«እንጃ ልጄ» አለ አባ ሳጥን። «እኔስ ክዳኔ ቢገጥምልኝ ሌላ አልመኝም።»

በዚያው ዕለት አይጢት በክፍተቱ ገባች።

«እሜቴ ካባ፣ እንዴት ዋሉ? ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ሥራ ልሰጥሽ ነው» አለች ካባ። «ያቺን ነጠላ ቅደጂልኝ።»

«ዋጋውስ?»

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

አይጢት ካባን ዞረቻት። ወርቁን ቀመሰችው፤ አልጣማትም። ጫፏን ገልባ ውስጧን አየች።

«ገበርዎን» አለች። «ለልጆቼ መኝታ የሚሆን ለስላሳ ነገር አጥቻለሁ።»

ካባ አሰበች። ገበር ከውስጥ ነው። ከውስጥ ያለውን ማን ያያል?

«አንድ ቁራጭ ውሰጂ» አለቻት።

አይጢት ቁራጯን ወሰደች፤ ነጠላዋንም ቀደደች።

በማግስቱ ደብሪቱ ቀዳዳውን አየችና መርፌና ክር አመጣች። በር ላይ ተቀምጣ ቀዳዳውን ቀስ አድርጋ ጠቀመችው፤ የተሰፋው እንዳይታይም ላዩ ላይ ትንሽ ኮከብ ጠለፈችበት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ማንጠግቦሽ አየቻትና፣ «አንቺ ደብሪቱ፣ ይቺን ጥልፍ ማን ሠራልሽ? እኔስ ምነው ቀረብኝ?» አለቻት። ደብሪቱ ደስ ብሏት ዋለች። ማንጠግቦሽ በእሷ ልብስ ስትቀና ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ነጠላ ተመልሳ ይህን ስትናገር ካባ ውስጧ ተቃጠለ። ውስጧ ደግሞ አንድ ቁራጭ ጎድሎት ነበር፤ በዚያ በጎደለው በኩል ይበርዳታል።

«እኔም ብሆን አልወዳትም» አለች ቀይዋ ቀሚስ ከስር። «አንድ ላይ ብንታጠብ ቀለሜን እለቅባት ነበር።»

ካባ አይጢትን ጠራች። «ሁለቱን የእጥበት ቅርጫት ውስጥ አንድ ላይ ወሽቂያቸው» አለቻት።

«ሌላ ቁራጭ ነዋ» አለች አይጢት።

«ውሰጂ።»

ደብሪቱ ቅርጫቱን ተሸክማ ወንዝ ወረደች፤ ሳታይ ሁለቱን አንድ ላይ ነከረቻቸው። ነጠላ ቀይ ሆና ወጣች። ደብሪቱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አዘነች። ከዚያ ተነሣችና እንዶድ ወቀጠች። ነጠላዋን በእንዶዱ አረፋ አሸቻት፤ አለቀለቀቻት፤ ሣር ላይ ዘርግታ ፀሐይ አስመታቻት። አልለቅ ሲላት ደግማ አሸቻት። ማታ ነጠላ ከበፊቱ ነጥታ ገባች። ቀይዋ ቀሚስ ግን የታጠበ ሥጋ መስላ ገባች።

«ቀለምሽስ?» አለቻት ካባ።

«ወንዝ ወሰደው» አለች ቀሚሷ። ከዚያ በኋላ ካባን አላናገረቻትም።

ትንሽ ቆይቶ የማንጠግቦሽ ልጅ የትሁኔ ሰርግ ደረሰ። ካባ፣ «የእኔ ቀን መጣ» አለች። እውነትም በዋዜማው ደብሪቱ ካባን አወጣቻት። ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገቻት፤ ወዲህ ዞረች፤ ወዲያ ዞረች።

«ይቺን ደርቤ ወጥ ላወጣ ነው?» አለች ለብቻዋ። «ይቺን ደርቤ ጠላ ልቀዳ ነው? የጎረቤቴ ልጅ እየተዳረች እንደ ምሰሶ ልቆም ነው?»

ካባን መለሰቻት። ነጠላን እንደ ልማዷ አጠፈቻትና ለነገ ከሁሉም በላይ አስቀመጠቻት። ደብሪቱ ነጠላዋን የምታጥፈው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ነበር፤ በጨለማም ብታነሣት እጇ ያውቃታል።

ካባ ይህን ልማድ ታውቃለች።

«አይጢት» አለች። «ዛሬ አትቅደጃት። እጥፋቷን ገልብጪባት። ደብሪቱ ነገ የምትነሣው ሳይነጋ ነው። ዓይኗ አያይም፤ እጇ ደግሞ የለመደውን ነው የሚያደርገው።»

አይጢት ጢሟን ጠረገች። «ሴትዮዋን ለቅሶ አልብሰው ሰርግ ሊልኳት ነው? እኔ አይጥ ነኝ፣ ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ግን አልመጣልኝም።»

«ተይ» አለች ነጠላ ከላይ። «እኔን ጥይኝ፣ ግድ የለም። የሰው ሰርግ ግን አታበላሺ።»

«አንቺ ዝም በይ» አለች ካባ። «አይጢት፣ ዋጋሽን ተናገሪ።»

«የቀረውን ገበር ሁሉ።»

«ውሰጂ።»

ደብሪቱ ሳይነጋ ተነሣች። ነጠላዋን አንሥታ እጇ እንደለመደው ጣል አደረገቻትና ወጣች። ነጠላ ትከሻዋ ላይ ሆና አለቀሰች፤ ልብስ ለሰው መናገር ግን አይችልም።

መንገድ ላይ አንድ ሰው ከበቅሎው ወረደላትና፣ «እግዜር ያጥናሽ እናቴ» አላት። ደብሪቱ፣ «ይኼ ሰው በጠዋቱ ጠጥቷል» ብላ አለፈች። ወንዙ ዳር ውሃ የሚቀዱ ሴቶች እንስራቸውን አስቀምጠው አንገታቸውን ደፉ። «የዛሬ ልጆች ጨዋ ሆኑ» ብላ አለፈች። ዳሱ አጠገብ ስትደርስ ዘፈኑ ቆመ። ከበሮ የምትመታው ልጅ እጇ አየር ላይ ቀረ። አንዲት ባልቴት፣ ደብሪቱን አይታ፣ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ እዬዬ አለች።

ማንጠግቦሽ ከዳሱ ወጣች።

«ደብሪቱ፣ ማን ሞተብሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ነጠላሽ ምን እያለች ነው?»

ደብሪቱ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ጥለቱ እጇ ውስጥ ገባ። ፊቷ አመድ ሆነ።

«ዓይንሽ ማዶ እንደሚያይ ሁልጊዜም አውቃለሁ» አለች ማንጠግቦሽ። «ቀሚሴን ስትከተይ ዝም አልኩሽ። ካባዬን ስትከተይ ዝም አልኩሽ። በልጄ ላይ ግን ሟርት ለብሰሽ ትመጫለሽ አላልኩም።»

ደብሪቱ ነጠላዋን እዚያው ገለበጠቻት። በአንድ እጅ፣ በአንድ ጊዜ፣ የለቅሶው ነጠላ የሰርግ ነጠላ ሆነ። የማንጠግቦሽ ፊት ግን አልተገለበጠም። ደብሪቱ ዞራ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ሳጥኑ ፊት ቆመች። በክፍተቱ የአረንጓዴው ቀሚስ እጅጌ ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

«ላዩና ታቹ ከማይታወቅ ሳጥን» አለች፣ «ላይና ታቿን የማታውቅ ሴት ወጣች።»

ሁሉንም ጎትታ መሬት ላይ አፈሰሰችው። አንዱን ታነሣለች፣ ትጠይቃለች፦

«ለቅሶ ታደርሺኛለሽ? ሰርግ ታደርሺኛለሽ? ሥራ ታውይኛለሽ?»

አረንጓዴዋን ጠየቀች፤ የትም አታደርስም። ቀይዋን ጠየቀች፤ ከወንዙ መልስ እሷም የትም አታደርስም። እነዚህንና እነዚህን የመሳሰሉትን፣ «የሚለብስሽ ሌላ ሰው አለ» እያለች ጠቀለለቻቸው። ወፍራሟን የጥጥ ቀሚስ ጠየቀች፤ ሦስቱንም ታደርሳለች። ጋቢውን ጠየቀች፤ ብርድም ሌሊትም ለቅሶም ይችላል። መቀነቱ ደግሞ ከሁሉም ጋር ይሄዳል። እነዚህን መልሳ ክዳኑን ገፋ ብታደርገው ገጠመ።

«እፎይ» አለ አባ ሳጥን።

መሬት ላይ የቀረችው ካባ ነበረች። ደብሪቱ ወርቋን ስታይ ቆየችና ውስጧን ሳትገልጥ ክንዷ ላይ አደረገቻት።

ካባ ክንዷ ላይ ሆና ትከሻ ላይ ያለችውን ነጠላ ቀና ብላ አየቻት። «አየሽ? ሰርግ የምሄደው እኔ ነኝ።»

«እኔ እኮ እቀናብሽ ነበር» አለች ነጠላ።

«አንቺ? በኔ?»

«ድንጋይ ላይ ስወቀጥ አንቺ ተኝተሻል። የሰው እንባ ሲጠረግብኝ አንቺ ተኝተሻል። ይቺ አታረጅም እያልኩ እቀና ነበር።»

አባ ሳጥን በተገጠመው ክዳኑ ውስጥ ሳቀ። «ልብስን ትከሻ አያስረጀውም፤ ሳጥን ነው የሚያስረጀው። እኔ ሳጥን ነኝ፣ አውቃለሁ።»

ካባ ግን አልሰማችውም፤ ፀሐይዋን እያየች ነበር።

ደብሪቱ ዳሱ ደርሳ ማንጠግቦሽ ፊት ቆመች።

«ሟርት አይደለም» አለች። «ሳይነጋ በጨለማ ተሳስቼ ነው። ቅናት ግን ነበረብኝ፤ እሱን አልዋሽሽም። ይቺን ካባ የገዛኋት ያንቺን አይቼ ነው። ለትሁኔ ትሁን። ቅናቴ ከቤቴ ይውጣልኝ።»

ማንጠግቦሽ ካባዋን ተቀበለች። ዞር ብላ የእንግዳውን ብዛት አየች።

«ወጥ ቤት ሰው አንሶናል» አለች በመጨረሻ።

ደብሪቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠችና ገባች።

ካባ ሙሽራዋ ትከሻ ላይ ወጣች። ከበሮው ተመታ፤ ሰው ሁሉ አያት። እንዲህ ያለ ቀን አይታ አታውቅም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ትሁኔ ወደ እናቷ ጠጋ አለች።

«እማዬ፣ ይበርደኛል።»

«ካባ ደርበሽ?»

ትሁኔ የካባዋን ጫፍ ገለጠች። ውስጡ ባዶ ነበር፤ ገበር የለውም፣ የአይጥ ጥርስ የተዋቸው ክሮች ብቻ ተንጠልጥለዋል። ለማንም አላሳየችም። መልሳ ሸፈነችው። አዲሱ ቤቷ ስትገባ ካባን አጣጥፋ ከአዲሱ ሳጥኗ ግርጌ አስቀመጠቻት፤ ከላይ ነጠላዋን አደረገች።

እንግዲህ እኔም ተረቴን ላጥፈው ነው፤ ስታጥፉት ጥለቱ ወዴት እንደሆነ እዩልኝ። ቅናት ሌላውን እበላለሁ ብሎ ይነሣል፤ የሚበላው ግን የራሱን ገበር ነው።

የጫጉላው ጊዜ አልፎ አንድ ጠዋት አዲሱ ሳጥን ተከፈተ። ብርሃን ገባ። ካባ ወርቋን አራግፋ ቀና አለች። የትሁኔ እጅ ወረደና ነጠላዋን አነሣት።

«ዛሬም አንቺ ነሽ የምትወጪው?» አለች ካባ።

ነጠላዋ አዲስ ነበረች፤ የድሮውን ጠብ አታውቅም። ወገብ ላይ ተሸረጠችና ወጥታ ሄደች።